የተመለሰው የለጋሽ ደብዳቤ

እኔ ባለመድኃኒት ቤት ነኝ። ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት ሃያ ስምንት ዓመት ተቀምጬ መድኃኒት ሸጫለሁ፤ ስለዚህ በቀላሉ የምደነግጥ ሴት አይደለሁም። ሰው ባንኮኒዬ ላይ ተዝለፍልፎ ሲወድቅ አይቻለሁ። እናት የልጇን ሽሮፕ «ጣዕሙን ልየው» እያለች ራሷ ጨርሳው «መድኃኒትሽ አልሠራም» ብላ ስትቆጣኝ ሰምቻለሁ። ይህን ሁሉ የቻልኩት ሴትዮ ከአራት ወር በፊት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ዳቦ ልገዛ ወጥቼ ደነገጥኩ። የሆነውን እንዳለ እናገራለሁ፤ የራሴንም ጥፋት ጭምር።

ዳቦ የምገዛው ሁልጊዜ ከቤቴ አጠገብ ካለው ሱቅ ነበር። የዚያን ዕለት ሱቁን ዝግ ሆኖ ስላገኘሁት ሁለት መንገድ ተሻግሬ ወደ ጋጋሪው ዳቦ ቤት ሄድኩ። ጋጋሪውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ከዚያ ዕለት ዐሥራ ስድስት ቀን ቀደም ብሎ አንድ ኩላሊቱን አውጥቶ ለታናሽ እህቱ የሰጠው እሱ ነው። እህቱ መምህርት ናት፤ ሁለት ዓመት ተኩል በሳምንት ሦስት ቀን ደሟን በማሽን እያሳጠበች የኖረች ልጅ። እኔ በልቤ ጋጋሪው ቤቱ ተኝቶ ሾርባ እየጠጣ፣ ሚስቱ ሥራውን ይዛ የምትሮጥ መስሎኝ ነበር። እግረ መንገዴን «አይዞሽ» ልላት አስቤያለሁ።

በሩን ገፋ ሳደርግ ማንን ባይ ጥሩ ነው? ራሱን ጋጋሪውን! ግማሽ ኩንታል ዱቄት በትከሻው ተሸክሞ ከጓዳ ይወጣል። ዱቄቱን ማቡኪያው ውስጥ ገለበጠና ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ ተክሎ፣ ጥርሱን ነክሶ ቆመ። ፊቱ እንደ ዱቄቱ ነጭ ሆኗል። ከዚያ ከሽርጡ ኪስ ትንሽ ፖስታ አወጣ፣ አንድ ፍሬ ኪኒን ፈልቅቆ ያለ ውኃ ዋጠው።

ፖስታው ላይ በቀይ እስክሪብቶ «በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ» ተብሎ ተጽፏል። በቀይ የምጽፈው እኔ ነኝ። ጽሕፈቱ የኔ፣ ፖስታው የኔ፣ ኪኒኑም ከኔ መደርደሪያ የወረደ ነው።

«ኧረ አንተ ሰው! ምንድነው የዋጥከው?» ብዬ ጮህኩ።

«እትዬ! ደህና አደሩ? ዳቦው አሁን ይወጣል፣ አንዴ አረፍ ይበሉ» አለኝ፤ እኔን አረፍ በሉ ይለኛል፣ እሱ መቆም አቅቶት።

«ዳቦህን ተወው! ይህን መድኃኒት ማን ሰጠህ?»

ዞሮ ሚስቱን አየ። ሚስቱ ሒሳብ መቀበያው ጋ ቆማ ነበር። ሳያት ትዝ አለኝ። ስምንት ቀን ይሆነዋል፣ መጥታ «ወገቤን ቆረጠኝ፣ ጠንከር ያለ ማስታገሻ ስጡኝ» አለችኝ። እኔም ደንቡን ጠብቄ «ኩላሊትሽን ያምሻል?» ብያት «ኧረ እኔን አያመኝም» ብላኛለች። እውነቷን ነበር፤ እሷን አያማትም! በአራተኛው ቀን ደግሞ መጥታ ወስዳለች። የሁለት ሰው ሥራ ይዛ ወገቧን ቢያማት ምን ይገርማል ብዬ ሰጠኋት። ባሏ ለጋሽ መሆኑን እያወቅኩ! አፈር ልብላ።

አንባቢ እንዲረዳኝ የምፈልገው ይህን ነው። ያ ማስታገሻ ሁለት ኩላሊት ላለው ጤነኛ ሰው ለጥቂት ቀን ቢወሰድ ብዙም አይጎዳም። አንድ ብቻ ለቀረውና ቁስሉ ላልጠገገ ሰው ግን ቀስ እያለ የሚሠራ መርዝ ነው። ያችን አንዷን የቀረችውን ነው የሚያደርቃት።

«እትዬ፣ ይቅር በሉኝ» አለች ሚስቱ። «ሐኪሞቹ የሰጡት ቀለል ያለ ነው፤ ዱቄት አያስነሳም። ይሄኛው ያስነሳዋል።»

«ማን ተነሳ አለው? ሁለት ወር ተኛ አልተባለም?»

«ተብሏል» አለ ጋጋሪው ራሱ። «ግን እቶኑ አንድ ሳምንት ተዘግቶ ሲከርም ትምህርት ቤቱ ሌላ ዳቦ አቅራቢ ፈለገ። የኪራዩም ቀን ደረሰ። ሰው እንዳልቀጥር በምን? ስለዚህ በስምንተኛው ቀን ገባሁ።»

«የምትከታተልህ ሐኪምስ ምን አለችህ?»

አንገቱን ደፋ። «'ሠራተኛ አለኝ፣ እኔ ሒሳብ ላይ ነው የምቀመጠው' ብያታለሁ።»

በዚህ መሀል በሩ ተከፈተና ጋሽ ሜትር ገቡ። ጋሽ ሜትር የጋጋሪውና የመምህርቷ አጎት ናቸው፤ የአባታቸው ታላቅ ወንድም። አርባ ዓመት ልብስ ሰፊ ሆነው ሜትሩ ከአንገታቸው ስለማይወርድ ነው ቅጽል ስሙ የወጣላቸው። ሁለቱን ልጆች አባታቸው ሲሞት ወስደው ያሳደጉ እሳቸው ናቸው። ኩሩ ሰው ናቸው፤ ከሰው እጅ ብርጭቆ ውኃ ሲቀበሉ እንኳ ሁለት ጊዜ ያስባሉ። የዚያን ዕለት መምህርቷን ሆስፒታል ለቀጠሮዋ ሊሸኙ፣ መንገድ ላይም ትኩስ ዳቦ ሊይዙላት ማልደው ወጥተዋል።

«ምንድነው ጩኸቱ? አንተስ ምን ዱቄት አለበሰህ?» አሉ። «እኔ ስመጣ ሁልጊዜ ወንበር ላይ አይደል የማገኝህ?»

«ጋሼ፣ እርስዎ የሚመጡት አራት ሰዓት ላይ ነው» አለ ጋጋሪው። «እስከ አራት ሰዓት ሥራው ያልቃል።»

ለመደንገጥም ጊዜ አልነበረኝም። ሽርጡን ስገልጠው ሸሚዙ በጎኑ በኩል ረጥቧል። «እንሂድ፣ ሆስፒታል!» አልኩት። እቶኑ ውስጥ ዳቦ ስለነበር ሚስቱ «አውጥቼ እከተላችኋለሁ» አለች። እኔና ጋሽ ሜትር ግራና ቀኝ ደግፈነው ወጣን።

የኩላሊት ክፍሉ ኮሪደር ጠባብ ነው። በአንድ በኩል ረጅም አግዳሚ ወንበር፣ በሌላው በኩል ደም የሚቀዳበት መስኮት። መምህርቷ አጎቷ ሲቆዩባት ብቻዋን ቀድማን ደርሳ፣ አፍና አፍንጫዋን በጭምብል ሸፍና ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ወንድሟ በዱቄት ነጥቶ፣ በሁለት ሰው ተይዞ ሲገባ ስታይ ብድግ አለች። ጭምብሏ ባይኖር ጩኸቷ ሕንጻውን ባናወጠው ነበር። ነርሶቹ ወዲያው ተቀብለው አስገቡት፣ ደም ቀዱ፣ በሩ ተዘጋ። «ውጤቱ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ ቁጭ በሉ» ተባልን።

የሆነውን ነገርኳት። የኪኒኑን ስነግራት አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«አልገባኝም» አለች ቆየት ብላ። «ለምን ይሠራል? የለጋሽ ድጋፉ እየደረሰው አይደለም እንዴ?»

«የምን ድጋፍ?» አልኩ እኔ።

«ካለፈው ዓመት ጀምሮ አለ እኮ፣ እትዬ። ለጋሹ ሲተኛ የሚቀርበትን ገቢ የሚተካ። ደብዳቤው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በቤተሰቡ ተጠሪ በኩል ይመጣል ብለውኛል።» ተጠሪ ማለት ሆስፒታሉ ስለ ቤተሰቡ የሚያነጋግረው ሰው ነው። ተጠሪው ደግሞ አጠገቤ ተቀምጠዋል።

ጋሽ ሜትር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መጥቶ ነበር» አሉ። «መልሼዋለሁ።»

«መለሱት?»

«'አንፈልግም' ከሚለው ሥር ፈርሜ መልሼዋለሁ። የኛ ቤተሰብ ሥጋውን አይሸጥም።»

መምህርቷ ወደሳቸው ዞረች። «ወንድሜስ? እሱ እሺ አለ?»

«እሱ ያኔ ተኝቶ ነበር። በሕመሙ ላይ ምን ላስቸግረው?»

«ማለት... አያውቅም?»

«አላወቀም።»

ኧረ የት ልግባ! እኔ ጠዋት ከነበረብኝ ድንጋጤ ሳልወጣ ሌላ ተጨመረልኝ። ሰውየው ስምንት ቀን ሙሉ ምንም የሌለ መስሎት ነው ዱቄት የተሸከመው! ምላሴ ላይ የመጣውን ሁሉ ልናገር ስል መምህርቷ በእጇ ያዝ አደረገችኝ። እሷ ባትኖር ነገሩ በስድብ አልቆ ይህንም ባልጻፍኩ ነበር። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ በአክብሮት ነው የጀመረችው።

«ጋሼ፣ ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት፤ ልቆጣዎት አልችልም። ልጠይቅዎ ግን። ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው አንብበውታል?»

«ከላይ 'ለለጋሽ የሚከፈል' ይላል። በቂዬ ነው። ከዚያ በታች ያለውን ምን አደርገዋለሁ?»

«ነገሩ ከዚያ በታች ነበራ! ለኩላሊቱ አንድ ሳንቲም አይከፈልም። ኩላሊት የሸጠም የገዛም ይታሰራል፤ ይታሰርም። ድጋፉ ስምንት ሳምንት ሲተኛ የሚቀርበትን ገቢ ነው። መጓጓዣውን ነው። በየዓመቱ የሚያደርገውን ምርመራ ዕድሜ ልኩን በነጻ ነው። አምላክ አያድርገውና የቀረችው ኩላሊት ብትደክም ከወረፋው ፊት ያስቀምጡታል። ይሄ ሽያጭ ነው?»

«ልጄ፣ ስሙን ብትለዋውጪው ገንዘብ ያው ገንዘብ ነው» አሉ። «ዛሬ 'የቀረበት ገቢ' ይሉታል። ነገ 'ለድካሙም ትንሽ ጨምሩለት' ይላሉ። ከነገ ወዲያ ዋጋ ይቆረጥለታል። ያን ጊዜ ማን ይሰለፋል? ባለፎቁ? ድሀው ነው እንጂ!»

ይህን ሲሉ እውነቱን ለመናገር ልቤ ወደሳቸው አዘነበለ። ንግግራቸው የግትር ሰው ንግግር አልነበረም። መምህርቷም አልናቀችውም።

«ልክ ነዎት» አለች። «ዋጋ የተቆረጠለት ቀን እኔም ከእርስዎ ጋር እጮሃለሁ። መስመሩ ቀጭን ነው፣ ጠባቂ ያስፈልገዋል። እስቲ ይህን ይንገሩኝ ግን። ምንም ድጋፍ ከሌለ መስጠት የሚችለው ማነው?»

«ፍቅር ያለው ሰው ነዋ!»

«ፍቅር ያለውና ሁለት ወር መተኛት የሚችል ሰው ነው፣ ጋሼ። አጠገቤ ያለው ማሽን ላይ ትተኛ የነበረችውን የጽዳት ሠራተኛ ያስታውሷታል? ሣቂታዋን? ሁለት ወንድሞቿ ደማቸው ይስማማት ነበር። አንዱ ሾፌር፣ አንዱ የቀን ሠራተኛ። ሁለቱም እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጠው አልቅሰዋል። ሁለት ወር ቢተኙ ልጆቻቸው ምን ይበላሉ? ያኔ ድጋፉ አልነበረም። እነሱ አንዱን ወር ወደ ሌላው ሲገፉ እሷ ሞተች። ፍቅር አንሷቸው ነው?»

ሽማግሌው ሞቷን አልሰሙም ነበር መሰለኝ። እኔም ዝም ማለት አልሆነልኝም፤ መቼስ ምላሴ የታወቀ ነው።

«ጋሽ ሜትር» አልኳቸው፣ «ለምስኪን ተማሪዎች ዩኒፎርም በነጻ ሰፍተው የለም?»

«ስንት ዓመት!»

«ጨርቁን ማን ያመጣ ነበር?»

«ትምህርት ቤቱ ነዋ። እኔ ጨርቅ ከየት አባቴ አመጣለሁ?»

«ታዲያ ጨርቁን ስለተቀበሉ ስጦታዎ ረከሰ? ስፌቱን ሸጡት ማለት ነው?»

«ጨርቅና ሥጋ አንድ ሆኖ ነው የምታነጻጽሪው?» ብለው ተቆጡኝ።

«አንድ አይደለም። ለሥጋውማ ማንም አልከፈለም። ሥጋውን የወንድምዎ ልጅ እሰጣለሁ ብሎ ሰጠ፤ የዳቦ ቤቱን ኪራይም ከዚያው ከሥጋው ይክፈል እያሉ ነው እርስዎ።»

ቀጥሎ የተናገሩትን መምህርቷም በሕይወቷ ሰምታው አታውቅም።

«እኔ በጉብዝናዬ ደም ሸጫለሁ» አሉ።

«ምን አሉ?» አለች፤ ከመቀመጫዋ ልትነሳ ምንም አልቀራት።

«አባታችሁ ገና ተማሪ ነበር፤ ስፌቱም አልያዘልኝም። በዚያ ዘመን ከሆስፒታል ጀርባ ባለ በር ጠዋት ጠዋት እንሰለፋለን። ጠርሙሱ ሲሞላ ገንዘቡን እዚያው በእጃችን ይሰጡናል። አብሮኝ የሚሰለፍ አንድ በያጅ ነበር። አንድ ቀን ጥቁር የብየዳ መነጽሩን አድርጎ መጣ። ነርሷ 'ምን ሆነሃል?' ስትለው 'ብየዳ ዐይኔን አቃጥሎኝ ነው' አላት። እኔ ግን ወረፋ ላይ መነጽሩን ሲያወልቅ አይቼዋለሁ። ዐይኑ ቢጫ ነበር። ጉበቱ ታሟል።»

«ከዚያስ?»

«ዝም አልኩ። ብናገር ሁላችንንም ያባርሩናል፣ እኔም ባዶ እጄን እመለሳለሁ። ዝም አልኩ። ከወራት በኋላ ሐኪሞቹ ወጥተው 'ያ ባለመነጽር የታለ?' እያሉ ወረፋውን በተኑት። ደሙ የተሰጣት አራስ ሴት ሞታ ነበር። ሕፃኑን አያቱ ታቅፋው በበሩ ስትወጣ አይቻለሁ።» ወደ መምህርቷ ዞሩ። «ገንዘብ በሰው ገላ መሀል ሲገባ ሰው ይዋሻል። ስለ ገላው ይዋሻል። አይቼዋለሁ፤ እኔም ከዋሾቹ አንዱ ነበርኩ። ደብዳቤውን የመለስኩት ለዚህ ነው። ለእናንተ ብዬ ነው!»

እኔ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። እኒህ ሰው ይህን ሁሉ ዘመን ይህን በሆዳቸው ይዘው ነው ለካ ለምስኪን ልጅ ሁሉ በነጻ ሲሰፉ የኖሩት። አዘንኩላቸው። ተሟግቼ ልረታቸው የነበረኝ እልህ ሁሉ ጥሎኝ ሄደ።

መምህርቷ ተጠግታ እጃቸውን ያዘች። ከእንግዲህ ዝም ትላለች ስል በቀስታ ጠየቀቻቸው፦

«ጋሼ፣ በያጁ ለነርሷ የዋሸው ለምንድነው?»

«ለገንዘቡ ነዋ። ቤቱ ባዶ ነበር።»

«ወንድሜስ ለሐኪሟ 'ሠራተኛ አለኝ፣ እኔ ቁጭ ብዬ ነው የምውለው' ብሎ የዋሸው ለምንድነው? ሚስቱስ ለእትዬ 'የኔ ወገብ ነው' ብላ የዋሸችው?»

እጃቸውን ሳትለቅ ቀጠለች፦

«እርስዎ የፈሩት ውሸት መጣ እኮ፣ ጋሼ። ገንዘብ እንዳይገባ በሩን ዘጉት፣ ውሸቱ ግን ገባ። ሰው ስለ ገላው የሚዋሸው ሲቸግረው ነው። ለደሙ ዋጋ ቢሰጡት ለመሸጥ ይዋሻል። የተኛበትን ቀን የሚሸፍንለት ቢያጣ ደግሞ ለመነሳት ይዋሻል። እኔ የምፈልገው የማይዋሽበትን መንገድ ነው። ድጋፉ ማንንም ከቤቱ አስነስቶ እዚህ አያመጣም፤ የሚያገኘው ሠርቶ ከሚያገኘው አይበልጥምና ምን ሊያተርፍ ይመጣል? የተኛውን ግን አርፎ እንዲተኛ ያደርገዋል።»

«ሥራ የሌለውስ?» አሉ ሽማግሌው፤ ክርክሩ ከውስጣቸው እየወጣ መሆኑ ያስታውቃል፣ ግን ሰውዬው በቀላሉ እጅ አይሰጡም። «ባዶ እጁን የተቀመጠው መጥቶ 'የቀረብኝ ገቢ' ቢልስ?»

«ማስረጃ ይጠየቃል፤ ቤቱም ድረስ ሄደው ያያሉ። ከሐኪሞቹ ሌላ ለጋሹን ለብቻው ቁጭ አድርገው የሚጠይቁ ሰዎች አሉ፤ ማን እንደገፋፋው፣ ማን ምን ቃል እንደገባለት። አንዳንዱ ያልፋቸው ይሆናል፣ አልዋሽዎትም። ስለዚህ ነው ጠባቂ ያስፈልጋል ያልኩት። ያንን ወረፋ በዐይኑ ያየ ሰው ቢጠብቀው ደግሞ ይሻላል።»

የምርመራው በር የተከፈተው ይኼኔ ነው። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ወረቀቱን ይዛ ቆመች። ሦስታችንም ተነሳን።

«ለጋሹን አስተኝተነዋል» አለች። «ቁስሉ ከላይ ተከፍቷል፤ እሱ ይሰፋል። የሚያስፈራኝ ኩላሊቱ ነው። ከሆስፒታል ሲወጣ ከነበረበት አሠራሩ በጣም ወርዷል። ማስታገሻውን አቁመን፣ ፈሳሽ እየሰጠን እናያለን። ጊዜው አላለፈም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። አንድ ሳምንት ቢቆይ ግን...» መምህርቷን አየቻትና ንግግሯን ልትውጠው ፈለገች።

«ይናገሩ» አለች መምህርቷ።

«አንቺ የተነሳሽበት ማሽን ላይ እሱ ይተኛ ነበር።»

ጋሽ ሜትር አግዳሚውን ጨብጠው ቁጭ አሉ። በሰባ ዓመታቸው ጮክ ብለው ሲያለቅሱ ኮሪደሩ ላይ ያለው ሁሉ ዞሮ አየ። «ልጄን ልገድለው ነበር» ይላሉ። «በኩራቴ ልጄን ልገድለው!» መምህርቷ አብራቸው አለቀሰች። እኔም ምን እደብቃለሁ፣ ያለ መሃረብ ነው ያለቀስኩት።

ጋሽ ሜትር ትንሽ ሲረጋጉ ወደ ላይ ፎቅ ወጡ፣ ደብዳቤውን ወደመለሱበት ቢሮ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ አዲስ ቅጽ ይዘው ወረዱ። በዚያው ቅጽበት የጋጋሪው ሚስት ዳቦውን አውጥታ፣ ዳቦ ቤቱን ዘግታ ደረሰች። አብረን ወደ ተኛበት ክፍል ገባን።

ጋጋሪው ክንዱ ላይ ፈሳሽ ተተክሎለት፣ ዱቄቱ ከፀጉሩ ገና ሳይወርድ ጋደም ብሏል። ጋሽ ሜትር ከራስጌው ቆመው አንዱንም ሳያስቀሩ ነገሩት። ደብዳቤው መምጣቱን፣ መመለሳቸውን፣ ሳይነግሩት መቅረታቸውን። ሚስቱ ይህን ስትሰማ ግድግዳውን ተደገፈች።

«ጋሼ፣ አይዘኑ» አለ ጋጋሪው። «እህቴ 'አንድ ድጋፍ ይኖራል' ብላኝ ነበር። ሲዘገይ የሌለ መሰለኝ። መጠየቅም አሳፈረኝ፤ ወንድም ሆኜ የኩላሊቴን ዋጋ የጠየቅሁ እንዳይመስልብኝ። ቢነግሩኝም ኖሮ እኔም እንደ እርስዎ እመልሰው ነበር።»

የሽማግሌው ፊት ፈታ ሲል አየሁ። ሰው መቼም ከጥፋቱ የሚያካፍለው ሲያገኝ ይቀለዋል። ሚስትየዋ ግን ከግድግዳው ተነስታ መጣች። በሰፈሩ ድምፅዋ የማይሰማ ሴት ናት፤ ያን ጊዜም ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«እኔን ማን ጠየቀኝ?» አለች።

ሁላችንም ዞርን።

«አጎት መለሰ። ባልም ቢሆን ይመልሰው ነበር። ሁለታችሁም ተከበራችሁ። ኩላሊቱ የሱ ነው፣ ይስጥ ብያለሁ፤ ደስ ብሎኝ ነው የሰጠነው። የቀረው ቀን ግን የኔም ነበር። ቁስሉን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ልጆቹን በደረቅ ዳቦ ያሳደርኩ እኔ ነኝ። መድኃኒት ቤት ቆሜ ዋሽቼ፣ ባሌን በገዛ እጄ መርዝ ያበላሁ እኔ ነኝ። ያ ደብዳቤ ሲመጣ አንዳችሁ 'አንቺስ ምን ትያለሽ?' ብትሉኝ ይህ ሁሉ አይደርስም ነበር።»

ጋጋሪው ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። ሽማግሌው ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። «ተጠሪ» ከሚለው ጎን አስቀድመው የሞሉትን ስማቸውን ሰረዙ፣ የሷን ጻፉበት፣ እስክሪብቶውን በሁለት እጃቸው ሰጧት። «ፈርሚ ልጄ» አሉ። «ይቅርታውን ደግሞ በፈለግሽ ቀን ትሰጪኛለሽ።» ፈረመች። ይቅርታውን የዚያን ዕለት አልሰጠቻቸውም።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ባጭሩ ልንገር። በድጋፉ ሌላ ጋጋሪ ለስምንት ሳምንት ተቀጠረ፤ እቶኑም ነደደ፣ ትምህርት ቤቱም ተመለሰ። የጋጋሪው ኩላሊት አሠራር ሙሉ በሙሉ ባይሆንም ወደ ነበረበት ተመልሷል፤ በየዓመቱ በነጻ ይታያል። እኔ ደግሞ ማስታገሻ ስሸጥ «ላንቺ ነው?» ብዬ ብቻ አላበቃም። «ቤት ውስጥ ማን ታሟል?» እላለሁ። ደንበኛ ይሰለቸዋል፤ ይሰልቸው።

ጋሽ ሜትርም አሁን በሳምንት ሁለት ቀን ያ ኮሪደር ላይ ይቀመጣሉ። ለጋሾችን የሚያነጋግሩት ሰዎች ሽማግሌ ሲፈልጉ ገብተዋል። ከገንዘብ የሸተተ ነገር ካለ እንደሳቸው የሚያነፈንፍ የለም፤ ባለፈው አንዱን ደላላ አንገቱን ይዘው ነው ያስወጡት። ድጋፉን መቀበል የሚያፍረውን ለጋሽ ግን አጠገባቸው አስቀምጠው ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች ያነቡለታል።

ባለፈው ሳምንት መድኃኒት ላደርስ ሄጄ አንድ ሾፌር አጠገባቸው ተቀምጦ አገኘሁ። ለታላቅ ወንድሙ ሊሰጥ ነው። ደብዳቤውን እንደ ትኩስ ነገር በጣቱ ጫፍ ይዞታል።

«አባቴ» ይላቸዋል፣ «ብቀበለው ሰው 'ሸጠው' አይለኝም?»

«ይልሃል» አሉት። «እኔም ብዬ ነበር።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ልመልሰው?»

ጋሽ ሜትር ደብዳቤውን ከእጁ ወስደው አጣጠፉና የሸሚዙ ኪስ ውስጥ መልሰው ከተቱለት።

«እኔንም አትጠይቀኝ፣ ሰውንም አትጠይቅ» አሉት። «ቤትህ ግባና ሚስትህን ጠይቃት።»